በአሰልጣኙ ደጃፍ ሳር ይዘን ስለቆምንበት ጠዋት

የምስክር ቃል መቀበያ

ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ የካቲት 10 ቀን 1975 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ቦታ፦ መቱ
የምስክሩ ስም፦ አቶ ወልደ የሱስ ጅራታ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
የትምህርት ደረጃ፦ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት፤ በቀለም ትምህርት እስከ ሦስተኛ ክፍል
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ባለቤታቸው በሞት የተለዩአቸው
አድራሻ፦ መቱ ከተማ፣ ከኳስ ሜዳው በታች
ጉዳዩ፦ የካቲት 8 ቀን ያለ ፈቃድ ስለተደረገ ስብሰባ
ተጠርጣሪ፦ ዲንቃ በዳሳ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ መገርሳ

እኔ ስሜ ከላይ የተመዘገበው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ከመጀመሬ በፊት ልማል ወይ ብዬ ጠይቄ፣ ቃል ተቀባዩ መሐላ አያስፈልግም፣ እውነቱን ብቻ ይናገሩ ስላሉኝ በልቤ አማትቤ ጀምሬአለሁ። የመጣሁት በአሰልጣኝ አብደታ ዶሪ ደጃፍ ሰው ሰብስበሃል ተብሎ ማክሰኞ ስለታሰረው ስለ ዲንቃ በዳሳ ነው። ሰዎቹን የሰበሰበው ዲንቃ አይደለም። እኔ ነኝ። ለምን እንደሰበሰብኳቸው ለማስረዳት ግን ከማልያው መጀመር ይኖርብኛል። ቃል ተቀባዩም ከወደዱት ይጀምሩ ብለውኛል።

ሟች ባለቤቴ ወይዘሮ ፅጌረዳ ጥሩሰው የሶር እግር ኳስ ቡድን ከተቋቋመበት ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ እስካረፈችበት እስከ ግንቦት 1973 ዓ.ም. ድረስ የቡድኑን አሥራ አራት ቢጫ ማልያ በየሰኞው ከሰፈራችን በታች ባለው ወንዝ ታጥብ ነበር። ማንም አላዘዛትም። መጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩን እኔ ስለሰፋሁት፣ የአንተ ስፌት ቆሽሾ ሲዞር አላይም ብላ ነው የጀመረችው። ሜዳ ገብታ ጨዋታ አይታ አታውቅም። ነገር ግን ማልያውን ከከረጢቱ ስታወጣ የእሑዱን ጨዋታ ታውቀዋለች። «ሰባት ቁጥር ትናንት አልሮጠም፤ ይኸው እንደ ሙሽራ ልብስ ንጹሕ ነው» ትለኛለች። «በረኛው ግን፣ ምስኪን፣ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ስንት ገባበት?» ትላለች። አጥባ ስትጨርስ በቤታችን ፊት ባለው ገመድ ላይ ታሰጣዋለች፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያየዋል።

እሷ ካረፈች በኋላ ሰኞ ሰኞ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እኔ አጥብ ጀመር። ድንጋዩም የእሷ ድንጋይ ነው። እያጠብኩ ማን እንደሮጠ ማን እንዳልሮጠ እነግራታለሁ። ቃል ተቀባዩ ለማን ብለው ስለጠየቁኝ፣ ለባለቤቴ ብዬ መልሻለሁ።

ቡድናችን በዚህ ዓመት ከመስከረም ወዲህ ስምንት ጊዜ ተጫውቶ አንድ ጊዜ ብቻ አቻ ወጥቷል። የቀድሞው አሰልጣኝ ታምሜአለሁ ብሎ ወደ አገሩ ሲሄድ በእሱ ቦታ አቶ አብደታ ዶሪ ተመደበ። ጥር 15 ቀን እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ሲገባ እኛ ደጋፊዎቹ እንደ ልማዳችን ከጎሉ በስተኋላ ካለው ዳገት ላይ ተቀምጠን ነበር። ሰውዬው የጎረቤታችን ከተማ የቡሬ ሰው ነው። ቡሬ ደግሞ በኅዳር ወር አራት ለባዶ የሸኘን ነው። በዚህ ምክንያት ገና ፊቱን ሳናየው ጠልተነዋል። ሻይ ቤት ያላት እትዬ ሻሽቱ፣ «ሜዳ ላይ ያሸነፉን አንሷቸው አሰልጣኝ ላኩብን!» አለች። ሰላይ ነው ያለም ነበር። ይህ ቃል በቀልድ የተነገረ መሆኑ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። አሰልጣኙ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል እንጂ አይጮህም፣ አይሳደብም። ይህም አላስደሰተንም። «ኦቦ አብደታ! ለኳስ ነው የመጡት ለቀብር?» ብላ ሻሽቱ ስትጮህበት ዞር ብሎ አየንና ባርኔጣውን አነሳልን። ያን ዕለት ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። ሲመሽ ግን ባርኔጣውን ማንሳቱን ነበር ስናወራ የነበረው።

ጥር 30 ቀን ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ሳሙናዬን አዘጋጅቼ ስጠብቅ ዲንቃ ባዶ እጁን መጣ። ዲንቃ ጫኝና አውራጅ ነው፤ የማልያውን ከረጢት ከሜዳ ወደ ቤቴ ተሸክሞ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ተጫዋቾቹ የየራሳቸውን ያጥቡ ብሏል አሰልጣኙ» አለኝ። ለምን አልኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «እንዲህ ብሏል፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝና ሄደ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ገመዱ ባዶውን ሆኖ ሳየው ፅጌረዳ ሁለተኛ የተቀበረች መሰለኝ። ለአሰልጣኙ ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ቤቱ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄድኩም። ተቀየምኩ። ቅያሜዬንም ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ሰነበትኩ፤ እሑድ የካቲት 6 ቀን ቅዳሴ ስገባ እንኳ ከበር አላስቀመጥኩትም።

በዚያው ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ከሁሩሙ ቡድን ጋር ጨዋታ ነበር። ማልያዎቹ አንዱ ብሩህ፣ አንዱ ደብዛዛ፣ አንዱም ጭራሽ ያልታጠበ ሆነው ሲገቡ ሳይ ደሜ ፈላ። ከዕረፍት በኋላ ሁለተኛው ጎል ሲቆጠርብን ብድግ ብዬ፣ «ወደ ቡሬ!» ብዬ ጮህኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሜዳ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሰዎች ዞረው አዩኝ። ሻሽቱ፣ «እሰይ! ጋሼ ወልደ የሱስም ተናገሩ!» ብላ አጨበጨበችና ዳገቱ በሙሉ «ወደ ቡሬ! ወደ ቡሬ!» አለ። በመካከሉ ከእኛ በኩል አንድ የጭቃ ጓል ተወርውሮ አሰልጣኙን ፊቱ ላይ መታው። መነጽሩ ወደቀ። ጓሉን ማን እንደወረወረ አላየሁም፤ ባየው እናገር ነበር። እኔ አልወረወርኩም። ነገር ግን እኔ ባልጮህ ኖሮ ማንም አይወረውርም ነበር፤ ይህን ከራሴ ጋር ስከራከር ሰንብቼ ማሸነፍ ያልቻልኩት ነገር ነው። አሰልጣኙ መነጽሩን አንሥቶ በእጅጌው ጠርጎ መልሶ አደረገው። አንደኛው መስተዋት ተሰንጥቋል። ጨዋታው እስኪያልቅ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሰኞ የካቲት 7 ቀን ወደ 10 ሰዓት ገደማ ዲንቃ ወደ ስፌት ቤቴ መጣ። አሰልጣኙ ልምምድ ላይ አልተገኘም፣ ጓዙን አስሯል፣ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቡሬ በሚሄደው አውቶቡስ ይሳፈራል አለኝ። እንኳን አልኩ። ዲንቃ ግን አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ አትንገር ተብዬ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«የማልያውን ነገር። ሰውዬው ባዶ እጄን ከመጣሁበት በፊት በነበረው ሰኞ ከድልድዩ ላይ ሆኖ አይቶዎታል። ወገብዎን ይዘው ከውሃው ሲነሡ። ማን ናቸው አለኝ። በሞቱት ባለቤታቸው ፈንታ ነው የሚያጥቡት አልኩት። ከዚያ፣ አሥራ አራት ጎረምሳ እጅ እያለው እኒህ አባት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይንበረከኩም፤ አሳዘኑኝ ብትላቸው እምቢ ይላሉ፣ እኔ ከለከልኩ በላቸውና ይቀየሙኝ አለኝ።»

ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ብዬ ተቆጣሁት። «እርስዎ መች እሱን ጠየቁት ጋሼ? ጮኹ እንጂ» አለኝ።

በእኛ አገር ሰው የበደለ እርጥብ ሳር ይዞ ወደ ተበደለው ሰው ደጅ ይሄዳል። ይህን ሃምሳ አለቃም ያውቁታል። ሳር የያዘ ሰው ጠብ አይፈልግም። የተበደለው ወጥቶ እስኪያናግረው ድረስም አፉን አይከፍትም፤ ቀድሞ መናገር ራስን መከላከል ስለሚሆን ነው። የተበደለው ሳሩን በእጁ ከተቀበለ ነገሩ ያን ጊዜ አለቀ፤ ወደ ኋላ አይነሣም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ንስሐ የሚገባው የት እንደሆነ አውቃለሁ። የበደልኩት ሰው ግን ቤቱ ታች ሰፈር ነው። ስለዚህ ዲንቃን፣ ለደጋፊው ሁሉ ንገር፣ ለሻሽቱም ንገራት፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ ሳር ይዘን ደጁ እንቁም አልኩት። ሻሽቱ አልቅሳለች ይባላል፤ እኔ አላየሁም። ሳሩን እኔው ራሴ አጨድኩት። ከወንዙ ዳር፣ ከድንጋዩ አጠገብ ነው ያጨድኩት።

ማክሰኞ የካቲት 8 ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ አርባ የምንሆን ሰዎች በአሰልጣኙ ደጃፍ ሳር ይዘን ቆምን። ዲንቃ ቁመቱ ረጅም ስለሆነና ትልቁን የሳር እስር ስለያዘ ከፊት ቆመ። እኔ አፍሬ ከኋላ ሆንኩ። በሩ ዝግ ነበር። ተኝቷል ብለን ጠበቅን። ኋላ ከጎረቤቱ እንደሰማነው ሰውዬው ገና በ11 ሰዓት ተኩል ወደ አውቶቡሱ ሄዷል። እኛ አርባ ሰዎች ይቅርታ ስንለምን የነበረው የተቆለፈውን በር ነው።

በዚህ መካከል ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። አንደኛው ከሌላ አገር በቅርቡ የመጣ ነው፤ አልፈርድበትም፤ እሑድ ጭቃ የወረወረ ሕዝብ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሰውዬው ደጅ ተሰብስቦ ቢያይ ምን ያስብ? «ጓዶች፣ ለምን ተሰበሰባችሁ?» አለ። ማንም አልመለሰም። ደገመ። ማንም አልመለሰም። «መሪያችሁ ማን ነው?» አለ። ሻሽቱ እንኳ፣ በዕድሜዋ ዝም ብላ የማታውቀው፣ ሳሯን ደረቷ ላይ ይዛ ጸጥ አለች። ጥበቃው የናቅነው መሰለው። ዲንቃን ክንዱን ይዞ ጎተተው። ዲንቃ ወደ እኔ ዞሮ ሳያይ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ ሳሩን እንደያዘ ሄደ። ሌላው ሰው ተበተነ።

አሁን የምናገረው ለእኔ የከበደኝ ነው፤ እንደ ቃሌ ይጻፍልኝ። ጥያቄው ሲጠየቅ ዝም ያልኩት ለሥርዓቱ ነው። ዲንቃን ሲወስዱት ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ ነው። ሁለቱም ዝምታ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላሉ፤ እኔ ግን የትኛው የት ላይ እንዳለቀና ሌላው የት ላይ እንደጀመረ አውቃለሁ። ቃል ተቀባዩ ለምን ሁለት ቀን ቆዩ ብለው ጠይቀውኛል። ማክሰኞ፣ ይለቁታል ብዬ። ትናንት ረቡዕ ግን ዲንቃ በአድማ መሪነት ወደ በላይ ክፍል ሊላክ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ምግብ ይዛለት የሄደችው ሻሽቱም ተመልሳ፣ «የእርስዎን ስም አላነሣም ጋሼ። ጥሪው የማን ነው ሲሉት ሳሩን ያሳያቸዋል» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ሰዓሊተ ምሕረት ብዬ ስጀምር ምሕረት የሚለው ላይ ምላሴ ታሰረ። ጸሎቴን አቋርጬ ወደዚህ መጣሁ።

ስለዚህ ጥፋት ካለ የእኔ ነው። የጮህኩት እኔ፣ የጠራሁት እኔ፣ ሳሩን ያጨድኩት እኔ። ዲንቃ ይለቀቅና በእሱ ቦታ እኔ ልግባ፤ ጋቢዬን ይዤ መጥቻለሁ። አሰልጣኝ አብደታም ከቡሬ ተጠርተው እንዲጠየቁ አመለክታለሁ። ከዲንቃ እጅ ተወስዶ በኤግዚቢትነት የተያዘው ሳር የእሳቸው ነው፤ ቢደርቅም የእሳቸው ነው፤ እንዲሰጥልኝ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

የተናገርኩት ይኸው ነው። ሃምሳ አለቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበውልኛል፤ የእኔ ቃል መሆኑን ሰምቼ አረጋግጫለሁ። ለራሴ ብዬ የጨመርኩት፣ ለማንም ብዬ የደበቅኩት የለም። በምድርም በሰማይም ብጠየቅ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ወልደ የሱስ ጅራታ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃ/አ መገርሳ

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፤ ዓርብ የካቲት 11 ቀን 1975 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት

በምስክሩ ማመልከቻ መሠረት አሰልጣኝ አብደታ ዶሪ ከቡሬ ተጠርቶ ቀርቧል። መነጽሩ የተሰነጠቀ በመሆኑ ከላይ ያለው ቃል በእኔ ተነቦለታል። ስለ ማልያ የሚናገረውን ቦታ እንዲደገምለት ጠይቆ ተደግሞለታል። በማንም ላይ ክስ እንደሌለው፣ ለእሑዱ ጨዋታ በሜዳ እንደሚገኝ፣ ማልያዎቹን ተጫዋቾቹ ራሳቸው አጥበው በአቶ ወልደ የሱስ ገመድ ላይ እንዲያሰጡ፣ ከመታጠባቸው በፊት ግን አቶ ወልደ የሱስ አንድ በአንድ አይተው ማን እንደሮጠና ማን እንዳልሮጠ እንዲነግሩት በቃሉ ገልጿል።

ተጠርጣሪ ዲንቃ በዳሳ በዛሬው ቀን ተለቋል። በኤግዚቢትነት የተያዘው አንድ እስር ሳር እንዲያየው ለአሰልጣኙ ቀርቦለት በሁለት እጁ ተቀብሎ ይዞት ስለወጣ ወደ ሣጥኑ አልተመለሰም። እንዲመልስም አልተጠየቀም።

ሃ/አ መገርሳ