ወጌሻው ሁሴኖና የፈይሩዛ ጉልበት

ከኢተያ ወደ አሰላ የሚሄደው ሚኒባስ ጎማው ባይተነፍስ ኖሮ ጋሽ ሁሴኖ ያሰቡትን አድርገውት ነበር። ያሰቡት ነገር ደግሞ ሲነገርም ይከብዳል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ፈይሩዛን ከአሰላ ወዲያ ሳጉሬ ወስደው፣ ሦስት ጎረምሶች ትከሻና ወገቧን ጨምድደው ይዘው፣ እሳቸውና የሳጉሬው የሙያ ጓደኛቸው ከዲሮ አልዘረጋ ያለውን ግራ ጉልበቷን በኃይል ሊስቡት ነበር።

ጋሽ ሁሴኖ ወጌሻ ናቸው። ወጌሻ ስላችሁ ያገኘውን ሁሉ ቅባት ቀብቶ የሚያሽ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኢተያ እስከ ኦጎልቾ የተሰበረ ክንድ፣ የወለቀ ትከሻ እሳቸው ደጅ ሲመጣ ኖሯል፤ በልጅነታቸው የጠገኗቸው ብዙዎች ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል። ችግሩ የመጣው ከገዛ ቤታቸው ነው። ፈይሩዛ የኮምባይነር ሾፌር ናት። ያለጊዜው የመጣ ዝናብ ማሳውን ባጨቀየበት ሰሞን ከማሽኑ ዘላ ስትወርድ እግሯ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀረ፤ ሰውነቷ ዞረ፤ ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። አባት ሦስት ሳምንት አሹ። እብጠቱ ጎደለ፣ ጉልበቱ ግን እንደታጠፈ ቀረ።

ረዳቱ ጎማውን እያንከባለለ ወደ ጎሚስታ ሲሄድ ተሳፋሪው ወርዶ ከመንገዱ ዳር ተቀመጠ። ፈይሩዛም በአባቷ ትከሻ ተደግፋ ወረደች። አጠገቧ ተቀምጣ የመጣችው ወጣት ሴት እግሯን ስታይ ቆይታ ኖሮ፣ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ካቀረበች በኋላ፣

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጉልበቷ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?» አለቻቸው።

«ወር አልሞላውም። ዛሬ ይዘረጋል፣ ኢንሻአላህ። አንቺ ማነሽ ልጄ?»

«ወይንሸት እባላለሁ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ፣ የአሰላ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ነኝ።»

ጋሽ ሁሴኖ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚህ ሁሉ ተሳፋሪ መሃል እንዴት ሐኪም ይገጥመኛል ብለው በሆዳቸው ተነጫነጩ። ይሁን እንጂ ጨዋ ሰው ናቸውና ዝም ብለው አላለፏትም፤ ሳጉሬ ምን ሊደረግ እንደታሰበ ነገሯት። ወይንሸት ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ልውጥ አለ፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

«አባቴ፣ ሲያሿት የትኛው ቦታ ላይ ነው የምትጮኸው?»

ጋሽ ሁሴኖ አውራ ጣታቸውን ከጉልበቷ ውስጠኛ ጎን፣ ሁለቱ አጥንቶች ከሚገናኙበት መስመር ላይ አሳረፉት። ፈይሩዛ ከንፈሯን ነከሰች።

«ተማሪዎቼ ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል» አለች ወይንሸት፣ ከልቧ ተደንቃ። «እጅዎ በሽታውን አግኝቶታል። መድኃኒቱ ነው እጅዎ ላይ የሌለው።»

«ሠላሳ ዓመት ያዳነ እጅ ነው፤ በሥራዬ አንድ ሰው እግሩን አላጣም።»

«አምንዎታለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የአረፋ በግ ሲያርዱ ጉልበቱን ፈልቅቀው አይተው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከዚያ ነው።»

«በአጥንቶቹ መሃል ምን አለ?»

«እንደ ጨረቃ ግማሽ የሆነ፣ ነጭ፣ የሚለጠጥ ነገር አለ። በዚህም በዚያም አንድ አንድ።»

«ሲቆርጡት ይደማል?»

ጋሽ ሁሴኖ አሰቡ። «አይደማም። ዳር ዳሩ ብቻ ቀላ ይላል።»

«እርሱ ልም አጥንት ነው፤ የጉልበት ትራስ በሉት። አጥንት ደም ስላለው እርስዎ አስተካክለው ካሰሩት ራሱ ይገጥማል። ይኸ ግን ደሙ ከዳሩ ብቻ ነው፤ መሃሉ ከተቀደደ በራሱ አይድንም። የፈይሩዛ የተቀደደና ተገልብጦ በአጥንቶቹ መሃል የተሰነቀረ ይመስለኛል። በር ላይ ጨርቅ ሲገባ በሩ እንደማይዘጋው ነው። በኃይል ከሳባችሁት ቀሪውም ይበጠሳል።»

አዛውንቱ ነገሩ ገባቸው። ያስረዳቻቸው በገዛ በጋቸው ነውና በምን ይከራከሯት?

«እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ትከፍቱታላችሁ፣ ልጄም አንካሳ ትሆናለች።»

«ዱሮ በሰፊው ይከፈት ነበር። አሁን የጣት ጥፍር በምታክል ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ ይገባል፤ በሌላዋ ቀዳዳ መርፌና ክር። ሐኪሙ በቴሌቪዥን እያየ የተገለበጠውን ወደ ቦታው መልሶ ይሰፋዋል። መጀመሪያ ግን በኤምአርአይ ይታያል። ከዳር፣ ደም ካለበት ከሆነ ይሰፋል፤ ከመሃል ከሆነ የተበላሸው ብቻ ተቆርጦ ይወጣል። ሳላየው ይሰፋል ብዬ አልምልልዎትም። በቆየ ቁጥር ግን እየተፈተገ የሚሰፋው ያልቃል፤ ይህን እምልልዎታለሁ።»

«ወላሂ ነገርሽ መልካም ነው» አሉ ጋሽ ሁሴኖ ቀስ ብለው። «ግን ኢተያ ምን ይላል? ወጌሻው የገዛ ልጁን ጉልበት አቅቶት ሐኪም ቤት ወሰዳት አይሉም?»

ይኸው፣ ዋናው ነገር ወጣ። ሰውየው የፈሩት ቢላዋውን አልነበረም፤ ስማቸውን ነው። በየሰፈሩ ስንቱ ሰው በዚሁ ፍርሃት አካሉን እንደሚያጣ ቤት ይቁጠረው።

ይህን ጊዜ እስካሁን ድምፅዋን ያላሰማችው ፈይሩዛ ተናገረች። «አባባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በእጅህ ሥር ሰው ሲጮህ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እጅህን ፈርቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ፈራሁ። ይህ እግር የማሽኑን ፍሪሲዮን ካልረገጠ ለእኔ ሥራ የለም። ለስምህ ብለህ ነው የምትስበኝ?»

ጋሽ ሁሴኖ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስልካቸውን አውጥተው ከዲሮ ጋ ደወሉና «ጎረምሶቹን በትናቸው፤ አንመጣም» አሉት። አሰላ ሲደርሱም ወደ ሳጉሬ መኪና አልተሻገሩም፤ ወይንሸትን ተከትለው ሆስፒታል ገቡ።

ፈይሩዛ ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ታየች። የተቀደደው ከዳር ሆኖ ተገኘ፤ ተሰፋ። ስድስት ሳምንት በክራንች ሄደች፤ ጉልበቷን እስከተፈቀደላት ብቻ እያጠፈች፣ የታዘዘላትን ስፖርት ሳታቋርጥ ሠራች። ለጋሽ ሁሴኖ የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ እንዳይነኩት። ከሁሉም የከበዳቸው ይኼ ነው፤ ግን ቻሉት። በተከታዩ አጨዳ ፈይሩዛ ማሽኗ ላይ ወጣች፤ ስትወርድ ግን አትዘልም፣ በመሰላሉ ነው።

በዚያው ሰሞን ሚፍታ የሚባል እህል ነጋዴ ጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋ ብሎት በሰው ተደግፎ መጣ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ሁሴኖ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው መስመሩን አገኙት፤ ከዚያም እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የእኔ ሥራ አይደለም። ሳይፈተግ ሐኪም ይየው።»

«ጋሼ፣ እጅዎ ደከመ እንዴ?» አለ ሚፍታ፤ አንዳንዱም ሳቀ።

«አልደከመም። ሰባራ አጥንት ካላችሁ ዛሬም ወዲህ በሉ። ይህን ግን በጊዜ የታከመ ሥራው ላይ ይመለሳል፣ በኃይል ያስጎተተ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። በዚህ እጄ የፈይሩዛን ጉልበት ልበጥሰው ነበር። ሳጉሬ ላይ የሚይዟትን ጎረምሶች ሳይቀር መርጬ ነበር።»

ጋሽ ሁሴኖ ኮታቸውን ከግድግዳው አወረዱና ክንዳቸውን ለሚፍታ ዘረጉለት።

«ተነሥ፣ አሰላ ድረስ እኔው አብሬህ እሄዳለሁ።»