ከጠረጴዛው ሥር የተሳለው መዝለያ

ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር የእናታቸውን የድሮ ጠረጴዛ ለማስጠገን አናጢው ዘንድ ጎራ ቢሉ፣ ታናሽ እህታቸው ለቢሮዋ ያሠራችውን መደርደሪያ ልትወስድ መጥታ ኖሮ እዚያው ተገጣጠሙ። ከተኮራረፉ ሰንብተዋልና ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር። አናጢው ግን ይህን ከየት ይወቅ፤ የላላውን እግር እስኪያጠብቅ ድረስ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አቀረበላቸው።

የኩርፊያው ምክንያት ሲሰሙት ያስቃል። እህትየዋ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች፤ አሁን የያዘችው ስለ ጠፈር ጉዞ ነው። ከመሬት ሆኖ መንኮራኩሯን የሚያነጋግረው ድምፅ የወንድሟ እንዲሆን ለምናቸው ነበር። እሳቸው መንኮራኩሯ ከኮከብ ወደ ኮከብ ባንድ አፍታ ስትዘል አዩና «ይህን ውሸት በአፌ አልናገርም» ብለው እርፍ። ዕድሜ ልካቸውን ከብርሃን የሚፈጥን የለም እያሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አይፈረድባቸውም።

እንደተቀመጡ እህትየዋ ጀመረች። መጀመሪያ እሳቸው እንዳሉት አድርጋ ሠርታው እንደነበር ነገረቻቸው። ጉዞው ዓመታት የሚፈጅ፣ በመስኮቱ የሚታየው ጨለማ ብቻ። ሊሞክሩት ከመጡት ልጆች አንዱን እንቅልፍ ወሰደው፤ ሌላዋ ስልኳን አውጥታ ሌላ ጌም ከፈተች።

«ጠፈር እንዲህ ነዋ» አሉ መምህሩ። «ይህን ከደበቅሽባቸው ልጆቹ ምን ሊማሩ ነው?»

«ጋሼ፣ ተነሥቶ የሄደ ልጅ ምን ይማራል? አንድ ውሸት ብቻ ፍቀድልኝ። የቀረውን ሁሉ እንደ እውነቱ አደርገዋለሁ።»

«አንዴ ከጀመርሽ ማን ሊያቆምሽ ነው?»

ይህን ጊዜ አናጢው ጠረጴዛውን ገለበጠው። ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም የተሳሉ ክቦች ብቅ አሉ። ወንድምና እህት እኩል ተነሡ። እናታቸው ከላይ ልብስ ስትተኩስ እነሱ አንሶላ ጋርደው ከሥር ይበሩባት የነበረችው መንኮራኩር ይህች ነበረች። አዛዡ መምህሩ ነበሩ፤ እህትየዋ ደግሞ «ደረስን?» እያለች የምትነዘንዝ ብቸኛ ተሳፋሪ።

ክቦቹ የመንኮራኩሯ ቁልፎች ነበሩ፤ ብዙው ደብዝዟል። አንዱ ክብ ግን በመምህሩ የልጅነት እጅ የተጻፈበት ይነበባል፦ «መዝለያ። ከተጫኑት በኋላ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ማለት ግዴታ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የካውያው ሙቀት፣ የታጠበ አንሶላ ሽታ፣ «ጠፈርተኞች፣ እራት ቀርቧል» የሚለው የእናታቸው ድምፅ ባንዴ መጣባቸው። እናታቸው ናፈቀቻቸው፤ ሌላ ስም የለውም።

«ያኔም ከብርሃን የሚፈጥን እንደሌለ አንብበህ ነግረኸኛል» አለች እህትየዋ ቀስ ብላ። «እንዳልሰለች ብለህ ግን ይህን ሳልክልኝ። ሕግም አበጀህለት፤ እያለቀስኩ እንኳ እስኪቀዘቅዝ አስጠብቀኸኛል። ጌሙ ውስጥ ያለው መዝለያ ይኸው ያንተው ነው።»

መምህሩ በክቡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ። ለካ መመርመር የነበረባቸው ውሸቱን ሳይሆን ውሸቱ የሚገዛበትን ሕግ ነበር። ከዚያም እንደ ገበያተኛ መደራደር ጀመሩ። ዝላዩ ይሁን፤ ነገር ግን በባዶው ጠፈር ፍንዳታ አይሰማ፣ ነዳጅ ያለቀበትም ዝም ብሎ ይንሳፈፍ፣ ከቤት የሚላክ መልእክትም እንደ ርቀቱ ይዘግይ።

«እንግዲያው ወደፊት የዘለለ ሰው መልእክቱን ከኋላው ጥሎት ይሄዳል ማለት ነዋ» አለች እህትየዋ፣ ዓይኗ በርቶ። «ልዝለል ወይስ የቤቴን ድምፅ ልጠብቅ ብሎ ይጨነቃል። ጋሼ፣ ጨዋታ ማለት ይኸ ነው።»

መምህሩ አናጢውን የጠረጴዛውን ሥር እንዳይልገው አደራ ብለው ከእህታቸው ጋር ወጡ።

ጌሙ ከወጣ በኋላ ለጨዋታ ብለው የከፈቱት ልጆች ድምፁ ለምን እንደሚዘገይ መጠየቅ ጀመሩ፤ መምህሩም ጡረታቸውን ረስተው ያስረዳሉ። ሕግ የተበጀለት አንድ ውሸት ብዙ እውነት ተሸክሞ እንደሚሄድ አሁን ለጠየቃቸው ሁሉ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሳይዘል ለጠበቀ ተጫዋች ደግሞ ከመሬት የሚደርሰው የመጀመሪያው መልእክት በመምህሩ ድምፅ የተቀዳ ነው፦ «ጠፈርተኞች፣ እራት ቀርቧል።»