ከጎኔ የተቀመጡት ባልና ሚስት

ባለፈው ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር ሲኒማ ገብቼ ሚስቱ ላይ ስለወሰለተ ሰው የሚያወራ ፊልም እያየሁ ነበር። ከጎኔ ያሉት ባልና ሚስት እዚህ ናይሮቢ አማርኛ የሚሰማ ሰው ያለ አልመሰላቸውም። ተዋናዩ ተንበርክኮ ይቅርታ ሲለምን ሚስትየዋ፣ «አንተ እንዲህ እንኳን መች ለመንከኝ?» አለች። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አላት ባሏ። «ይስማ! ከጓደኛዬ ጋር ስትሄድ ሰው መች አፈርክ!»

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ጠፋኝ። ብነሳ መስማቴን ሊያውቁ ነው፤ ብቀመጥ የሰው ገበና እያዳመጥኩ ነው። ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ። ሚስትየዋ ድንገት ብድግ ብላ በእንግሊዝኛ አሳልፊኝ ስትለኝ፣ አምልጦኝ «እለፊ እህቴ» አልኳት። ክው አለች። «ሁሉንም ሰማሽ?» «ሰማሁ፣ ይቅርታ።» ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ አለችና፣ «እስቲ በእናትሽ፣ አንቺ ብትሆኚ ትመለሺለት ነበር?» አለችኝ። ባሏም አንገቱን አስግጎ መልሴን ይጠብቃል። «እኔ እንጃ እህቴ» አልኳት። እሷም አልወጣች፤ በወዲያኛው ጎኔ ባለው ባዶ ወንበር ተቀምጣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ለቀቀችኝና፣ «ልጆቼ ይጠብቁኛል» ብላ ወጣች። እሱ የረሳችውን ቦርሳ አንስቶ ከኋላዋ ሮጠ።