የጋሽ ላቀው ቢጫ መኪና

ለገጣፎ ዳር፣ ድሮ ጡብ ፋብሪካ በነበረ ግቢ፣ የሪሞት መኪና ውድድር ክበብ፤ ጋሽ ላቀው በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ውድድር ጨርሰው፣ ሊቀመንበሩ ምሳ ሲወጣ የውጤት ደብተሩን ከተረከበችው ከሐረገወይን ጋር ጠረጴዛው ላይ ተፋጠዋል።

ጋሽ ላቀው፦ እምላለሁ! ከምነግርሽ ውስጥ ግማሽ ቃል ውሸት ከተገኘ ይሄ የሚከረፋ ጭቃ እስከ አንገቴ ውጦኝ እዚሁ ልቅር! አሥራ ሁለት ዙር! አንድ ሰው አልቀደመኝም! ደብተራችሁ ላይ ግን ከስሜ ጎን ምን አለ? ባዶ! አንዲት ጭረት እንኳ የለም!

ሐረገወይን፦ ጋሼ፣ ይቀመጡና ረጋ ብለው ይንገሩኝ።

ጋሽ ላቀው፦ የት ነው የምቀመጠው? እዚህ ወንበር ላይ? ቅድም አንዱ ሳንቡሳውን ጨርሶ እጁን የጠረገበት ላይ? ያውም በመኪና ቅባት የተለወሰ እጁን! የኔ ልጅ፣ እኔ ብዙ አይቻለሁ። ጂቡቲ ወደብ ላይ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ሁለት ሺህ ኩንታል ዓሣ ሲበሰብስ አጠገቡ ቆሜ ምሳዬን በልቻለሁ። እንዲህ ያለ ግቢ ግን አላየሁም።

ሐረገወይን፦ ከጀርባችን ከብት የሚያደልቡ ሰዎች አሉ። ዝናብ ሲጥል ወደኛ ይወርዳል።

ጋሽ ላቀው፦ ምኑ ነው የሚወርደው?

ሐረገወይን፦ እሱ እንግዲህ...

ጋሽ ላቀው፦ ተይው! ተይው፣ አትጨርሺው! እኔኮ «ክበብ» ሲሉኝ ምንጣፍ ያለው፣ አሳላፊ ያለው ነገር መስሎኝ በነጭ ሸሚዝ ነው የመጣሁት። እይው አሁን! እዚህ ጋ ያለውን እይው። ይሄ ጭቃ ነው? እንጃ፣ ጭቃ በሆነ።

ሐረገወይን፦ ማስታወቂያው ላይ «ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ኑ» ይላል።

ጋሽ ላቀው፦ ማስታወቂያ ለማያውቅ ሰው ነው። እሺ፣ ወደ ጉዳዬ። ለምን ባዶ እንዳደረጋችሁኝ አውቃለሁ። በሰደርያው ነው።

ሐረገወይን፦ በየቱ ሰደርያ?

ጋሽ ላቀው፦ በብርቱካናማው ነዋ! ቆመን ከምንነዳበት ማማ ገና ስወርድ አንዱ መጥቶ ደረቴ ላይ ለጠፈብኝ። «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ይቺን ለብሰው የሚቀጥለው ምድብ መኪና ሲገለበጥ ያነሳሉ» አለኝ። እኔን! ደግሞ ርጥብ ነው። በዝናብ እንዳይመስልሽ፣ በላብ ነው! አንገትጌው ላይ የሰው ጸጉር ተለጥፎበታል። ከኔ በፊት ሃምሳ ሰው ለብሶታል። ሃምሳ ብቻ? ሁለት መቶ! ወረወርኩለት።

ሐረገወይን፦ የክበቡ ደንብ ነው። የተወዳደረ ሁሉ ለሚቀጥለው ምድብ አንሺ ይሆናል። አለዚያ የተገለበጠውን ማን ያነሳዋል? ለእርስዎ ምድብ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ላቀው፦ አውቃለሁ፤ መነሻው ጋ ቆመሽ አይቼሻለሁ። ወዳንቺ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ደንባችሁ አራተኛው ገጽ ላይ ምን ይላል? ቅሬታ ያለው ሰው ደብተሩ ላይ ያስጽፋል፤ በዚያ ምድብ የቆመ አንሺ ከፈረመለት ውጤቱ ይታረማል። ተሳሳትኩ?

ሐረገወይን፦ አልተሳሳቱም። ማስታወቂያ አላነብም ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ላቀው፦ የሚጠቅመኝን አነባለሁ። በይ፣ ክፈቺው። ቶሎ በይ፣ ሰዎቼ መንገድ ላይ ናቸው።

ሐረገወይን፦ የምን ሰዎች?

ጋሽ ላቀው፦ የሠፈሬ ሰዎች! «አሸንፌያለሁ» ብዬ ደወልኩ፤ ሚኒባስ ተኮናትረው እየመጡ ነው። መቶ ሰው ይሆናሉ።

ሐረገወይን፦ በአንድ ሚኒባስ?

ጋሽ ላቀው፦ እሺ፣ አሥራ አራት። ባለቤቴም አለችበት። እሷ ናት ዋናዋ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? «ላቀው፣ ከምታወራው ውስጥ አንዷን፣ አንዷን ብቻ በዓይኔ ባየሁና በሞትኩ» ነው የምትለኝ። ዛሬ ትየዋ! በደብተር፣ በፊርማ፣ በማኅተም!

ሐረገወይን፦ ማኅተም እንኳ የለንም።

ጋሽ ላቀው፦ በፊርማ ይሁን።

ሐረገወይን፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን ይወቁ። የእርስዎ ውጤት ከታረመ አንደኛ የወጡት ወይዘሮ ዘርፌ ይሰረዛሉ። ከጀማሪዎች ሐዋሳ ለውድድር የሚሄደው አንድ ሰው ነው።

ጋሽ ላቀው፦ ዘርፌ ማናት? ያቺ ጸጉሯን በፌስታል ሸፍና ማማው ላይ አጠገቤ የቆመችው?

ሐረገወይን፦ አዎ። ስምንት ወር ሙሉ በየቅዳሜው እየመጡ የሰው መኪና ሲያነሱ ነው የቆዩት። የራሳቸውን የገዙት ገና ባለፈው ወር ነው።

ጋሽ ላቀው፦ ስምንት ወር ያንን ሰደርያ ለብሳ? ኤጭ! አጠገቧ መቆሜ ራሱ አሁን ሊያሳክከኝ ነው። ደግሞ አንድም ቃል አትናገርም፤ ዓይኗን ሜዳው ላይ ተክላ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ስንቱን ነገር እያጫወትኳት!

ሐረገወይን፦ እየነዱ ያጫውቷቸው ነበር?

ጋሽ ላቀው፦ ለኔ መንዳት ምን ሥራ አለው? መጀመሪያ ላይ ብቻ ትንሽ አስቸገረችኝ። ወደ ግራ ስላት ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ስላት ቀጥ። አንድ ዙር እንዲህ አደረገችኝና ከዚያ በኋላ ተገራች። ወደ መጨረሻው እንዲያውም በሐሳብ ብቻ ነበር የምነዳት! አንዴ አስነጠሰኝና፣ በዚህ ሽታ ማን የማያስነጥሰው አለ፣ ሪሞቱን አስቀምጬ በሁለት እጄ አፍንጫዬን ጠረግኩ። ቀና ስል ሁለት መኪና ቀድማለች!

ሐረገወይን፦ ሪሞቱ ሳይነካ?

ጋሽ ላቀው፦ ሳይነካ! እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሐረገወይን፦ እኔስ አላየሁም።

ጋሽ ላቀው፦ ዝላዩስ? ያቺ የአፈር ጉብታ ላይ ስትደርስ ነዳጅ ሰጠኋትና...

ሐረገወይን፦ በባትሪ ነው የምትሠራው።

ጋሽ ላቀው፦ ባትሪ ሰጠኋትና ተነሳች! እንዴት ያለ መነሳት! የፋብሪካው ጣሪያ ላይ የነበረው አሞራ እንኳ ደንግጦ በረረ።

ሐረገወይን፦ አሞራው እውነት ነው። አይቼዋለሁ።

ጋሽ ላቀው፦ አየሽ! ምስክር ማለት እንዲህ ነው! ደግሞ አንቺ ራስሽ ከታች ሆነሽ «ጋሼ! ጋሼ!» እያልሽ እጅሽን ስታወዛውዢ! እውነቱን ልንገርሽ፣ አንጀቴን ነው የበላሽው። በዚህ ሁሉ ቆሻሻ መሀል አንድ የሰው ልጅ አገኘሁ አልኩ። ሰላም አልኩሽኮ፣ አላየሽኝም?

ሐረገወይን፦ አይቼዎታለሁ። አራት ጊዜ ነው የጠራሁዎት።

ጋሽ ላቀው፦ አራት ጊዜ! ለእናቴ ልጅ እንኳ እንዲህ አልጮኽም።

ሐረገወይን፦ እስቲ መኪናዎን አንዴ ልያት። ቢጫ ናት አይደል?

ጋሽ ላቀው፦ ይቻትልሽ! የእንቁላል አስኳል!

ሐረገወይን፦ የወይዘሮ ዘርፌም ቢጫ ናት።

ጋሽ ላቀው፦ የሷ ቢጫ ነበረች በይ! ሲያልቅ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር አየኋት። ጭቃ ለብሳ፣ ጎማዋ ላይ ምኑ እንደተጠቀለለ አላውቅም፣ ሳር ነው አንጀት ነው። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ደግሞ የራሱን ጎማ በጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል፤ ምራቁን እንትፍ እያለ! ያንን ብሩሽ ቤቱ ይዞት እንደሚገባ ሳስበው አሁንም ያቅለሸልሸኛል። የኔን ደግሞ እያት። ጠብታ አለባት?

ሐረገወይን፦ የለባትም። እኔም እሱን ነው የማየው። አሥራ ሁለት ዙር ሮጣ?

ጋሽ ላቀው፦ ፍጥነት ነዋ፣ የኔ ልጅ! ጭቃው ተነስቶ ሊነካት ሲል እሷ የለችም።

ሐረገወይን፦ ባትሪዋም ቀዝቃዛ ነው። የሌሎቹ ሲጨርሱ ከድስት እንደወጣ ድንች ነው የሚሆነው።

ጋሽ ላቀው፦ ስለሚያስጨንቁት ነዋ! እኔ ጭነት በምነዳበት ጊዜ ከድሬዳዋ ተነስቼ አዲስ አበባ ስገባ ነዳጁ ከተነሳሁበት በልጦ ነበር የሚገኘው። መካኒኮቹ ይማሉብሽ ነበር።

ሐረገወይን፦ ጋሼ... ቅሬታውን ቢተዉትስ? ለሰዎችዎ «ደስ ብሎኝ ዋልኩ» ይበሏቸው። ቅዳሜ በጠዋት ይምጡ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ከማብሪያው ጀምሬ፣ ቀስ ብዬ አሳይዎታለሁ። ሰደርያውንም ቤት ወስጄ አጥበዋለሁ።

ጋሽ ላቀው፦ ለኔ ነው የምታሳይኝ? ለአሸናፊው? ደግሞ ያ ሰደርያ በእሳት እንጂ በሳሙና አይጸዳም። በይ ጻፊ፤ «ዘርፌ የተባለችው ሌባ የአቶ ላቀውን አሥራ ሁለት ዙር ወስዳ በስሟ አስቆጥራለች።»

ሐረገወይን፦ ሌባ?

ጋሽ ላቀው፦ ታዲያ ምን ልበላት? የኔን ዙር የወሰደ ሰው ምን ይባላል?

ሐረገወይን፦ ሴትዮዋ ውጭ ቆመው መኪናቸውን እያጠቡ ነው። ይሰማሉ።

ጋሽ ላቀው፦ ትስማ! አሥራ አራት ሰው ፊት እደግመዋለሁ። ጻፊ አልኩሽ!

ሐረገወይን፦ እንግዲያው እጽፋለሁ። ግን በእኔ ፊርማ የሚወጣ ከሆነ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።

ጋሽ ላቀው፦ እኔስ ምን አልኩ? ያየሽውን! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። መኪናዬን ከዓይንሽ አውጥተሻት ነበር?

ሐረገወይን፦ ለአንድ ደቂቃም።

ጋሽ ላቀው፦ ተባረኪ! እንዳንቺ ያለ ልጅ ነበር የሚያስፈልገኝ... ስሚ! ክላክስ! መጡ! ያቺ ከፊት የምትወርደው ናት ባለቤቴ። አስካለ! በድንጋዩ በድንጋዩ ነይ፣ ጭቃውን እንዳትረግጪው፣ ጭቃ አይደለም! ሻርፕሽን አፍንጫሽ ላይ አድርጊ! ነይ፣ አንዷን በዓይኔ ባየሁ ስትይ አልነበር? በጆሮሽም ትሰሚያታለሽ! ጨረስሽ፣ የኔ ልጅ?

ሐረገወይን፦ ጨርሻለሁ። ለብቻችን ላንብብልዎት?

ጋሽ ላቀው፦ የምን ለብቻ! ሁሉም እስኪጠጋ ጠብቂ። ተጠጉ፣ ተጠጉ! ዘርፌም ትምጣ! ይቺ ልጅ ቅድም መሮጫው ላይ ቆማ ሁሉን ያየች ናት፤ ውሸት አታውቅም። በይ አንብቢው፣ ጮክ ብለሽ!

ሐረገወይን፦ ጮክ ማለት እንኳ አልችልም፤ ድምፄን ቅድም ጨርሼዋለሁ። «እኔ ሐረገወይን ደበበ፣ በዚህ ምድብ መነሻው ላይ አንሺ ነበርኩ። የአቶ ላቀው መኪና ከሥር ያለው ማብሪያዋ ስላልበራ ፊሽካው ሲነፋ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ባለመኪናውን አራት ጊዜ ብጠራቸው ሰላም አሉኝ። የሌሎቹ መኪኖች እንዳይገጯት አንስቻት፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ብብቴ ሥር ይዣት ቆየሁ።» ፈርሜበታለሁ፣ ጋሼ።