ለባንዳው የቀመስኩት ውሃ

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ነሐሴ ላይ ከይጁቤ በታች፣ ረግረጉ ዳር ጤፍ ሳርም አንድ ባንዳ ጥይት የተጫኑ አራት በቅሎዎች እየነዳ መጣ። ጥይቱ የሚሄደው ወንድሜ ከአርበኞች ጋር ወደ መሸገበት ወደ ጮቄ ተራራ፣ እነሱን ለሚወጋው የጣሊያን ጦር ነበር። ሰውየው ለአገሩ እንግዳ ነው። እኛ በክረምት ከረግረጉ ኩሬ ከብት አናጠጣም፤ አልቅት የሞላበት ነው። አንዱ የእኔም ባት ላይ ተጣብቆ ነበርና ቀሚሴን ዝቅ አድርጌ ሸፈንኩት።

«አንቺ እመቤት፣ ይህ ውሃ ለበቅሎ ይሆናል?»

«የእኛም ከብቶች የሚጠጡት እሱን ነው።»

ሳቀ። «ጠላ ስትቀጂ ቀድመሽ ትቀምሺ የለ? ይህንንም ቅመሺልኝ።»

ወንድሜ ፊቴ ድቅን አለ። በእፍኜ ጨልፌ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠጣሁ። «ልድገምልህ?» አልኩት። በቅሎዎቹ እስኪጠግቡ ጠጡ።

በሦስተኛው ቀን አራቱም በአፍንጫቸው ደም እያፈሰሱ አቀበቱ ላይ መውደቃቸውን ሰማን፤ ጥይቱም እዚያው ቀረ። የእኔን ጉሮሮ የያዘውን አልቅት እናቴ በትምባሆ ውሃ አስለቀቀችልኝ። ለእነሱ ግን ማን ይድረስላቸው? ምን አደረጉኝ? ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሄጄ ስናዘዝ የነፍስ አባቴ «ተጸጽተሻል?» አሉኝ።

«ስለ በቅሎዎቹ አዎን፣ አባ፤ ንስሐውን ይስጡኝ» አልኳቸው። «ስለ ጥይቱ ከሆነ ግን ኩሬው እዚያው ነው፤ ነገም ቢመጣ እቀምስለታለሁ።»