ቄስ አየነው የቀኑበት ድምፅ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እሁድ የሚባለው ቀን ሌላ ነበር። ጣሊያን መተማን ይዞ፣ ግማሹ ሰው ወደ ሱዳን ተሻግሮ፣ ግማሹ ጫካ ገብቶ፣ የቀረነው በየማሽላችን ተበታትነን ነው የምንኖር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማን ማንን ያያል? ማንም። ታዲያ እሁድ ጎሕ ሲቀድ ሚካኤል ደጃፍ እንገናኝና «አለሽ?» «አለሁ።» «ያ ልጅሽ ተሻለው?» «ተሻለው፣ ተመስገን» እንባባላለን፣ የቀረ ሰው ካለ ደግሞ «እገሌን ምን አገኘው?» ይባልና ቤቱ ድረስ ይኬዳል። እንዲያ ነበርን። ጣሊያን ሰው ሲሰበሰብ አይወድም፣ አውሮፕላኑ ድምፁ ከተሰማ ከዛፍ ሥር ነው የምንገባው፣ ብቻ ከመምጣት አንቀርም።

ባሌ ቄስ አየነው ይባላሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ከጓንግ ወንዝ ወዲህ የነበረችው የሣር ክዳኗ ሚካኤል ካህን ናቸው። ባልደረባቸው ሽማግሌው ቄስ ግን ጣሊያን ሲመጣ ወደ ደጋ ወጡ። ቅዳሴ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር አይደለም፣ ሁለት ካህን ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፣ ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ የለም በቃ። ዲያቆኖቹ አሉ፣ ካህን ግን ባሌ ብቻ። እና ሰዉ ጸሎት ብቻ ሰምቶ ይመለሳል፣ ባሌም ጧት ማታ «አቤቱ፣ አንድ ካህን ላክልኝ፣ አንድ ብቻ» እያሉ ይለምናሉ፣ እኔ በጆሮዬ እሰማለሁ።

ታዲያ ተላከላቸዋ! ቄስ ታከለ የሚባሉ ጎጃሜ መጡ። ቀያቸው ተቃጥሎ፣ ሚስታቸው በመንገድ ሞታባቸው፣ ወደ ሱዳን ሊሻገሩ ሲሉ ሰዉ «አይሂዱብን» ብሎ አስቀራቸው፣ ጎጆም ሠራላቸው። የመጀመሪያው እሁድ ሲቀድሱ እንዴት ልንገራችሁ! የዚያ ሰው ድምፅ! ሴቱ ሁሉ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እኔ ሞኟ ታዲያ ቤት እንደገባን «መቼም ዛሬ ጥሩ ቅዳሴ ነበር» አልሁ።

«ምኑ?» አሉ ባሌ።

«ድምፃቸው፣ እኮ።»

«ድምፅ! ድምፅማ ቆቅም አላት!»

ይኸው ጀመረ። በየተራ ነው የሚመሩ፣ አንዱን እሁድ ባሌ፣ አንዱን ቄስ ታከለ። ታዲያ አንድ ቀን ባሌ ወንዝ ዳር ሲታጠቡ ሴቶቹ ውሃ እየቀዱ «የፊታችን እሁድ የማን ተራ ነው?» «የጎጃሜው።» «እንኪያስ እናቴንም ይዣት እመጣለሁ» ሲባባሉ ሰሙ! እንደ እሳት ቀልተው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሰው መስቀል ሲሳለም እንኳ የሚያዩት የሌላውን መስቀል ነው፣ ወደዚያ የሄደውን ሁሉ በዓይናቸው ይከተላሉ። «የእንትና ሚስት አንቺ፣ እኔ ክርስትና ያነሣኋት፣ ልጇን ያጠመቅሁላት፣ በኔ ፊት አልፋ ወደሱ!» ይሉኛል። ቢበሉ አይጥማቸው፣ ቢተኙ አይወስዳቸው።

አንድ ቀን ደግሞ ገንፎ በቅል ይዤ ልወጣ ስል በር ላይ ያዙኝ።

«ለማን ነው?»

«ለቄስ ታከለ። ብቻቸውን ናቸው፣ ማን ያበስልላቸዋል?»

«ጉሮሮው እንዳይደርቅ ነው?»

«ምነው አንቱ!»

«ማር አለበት?»

«የለበትም።»

ታዲያ አመኑኝ? ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት እኮ! ማር እንዳለበት ሊያዩ! ትስቃላችሁ፣ ያን ቀን እኔ አልሳቅሁም፣ በሽተኛ ነው የመሰሉኝ።

እና አንድ እሁድ፣ የቄስ ታከለ ተራ በሆነበት እሁድ፣ ባሌ ተኝተው ቀሩ። «ራሴን አመመኝ።» እሺ፣ ያማል። ያልተቀደሰው ተራ የቄስ ታከለ እንደሆነ ቀረና በሚቀጥለውም «ወገቤን።» በሦስተኛው ምንም አላመማቸውም፣ ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግማሉ። «አንቱ፣ ሰዉ ይጠብቃል እኮ፣ ያለ እርስዎ አይቀደስም» አልኋቸው።

«ጸሎት እቤትም ይጸለያል። እግዚአብሔር እዚህ የለም?»

«አለ፣ ማን የለም አለ? ቁርባኑ ግን እዚህ የለም» ብላቸው

«ቆቂቱን ሂደሽ ስሚያት!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሄድሁ። ሰዉ ቆሟል። ቄስ ታከለ በር በሩን ያያሉ፣ ዲያቆኖቹ በር በሩን ያያሉ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ከረረች፣ ሰዉም ጸሎቱን ሰምቶ ተመለሰ። እንዲያ እያለ እንዲያ እያለ ሰዉ እየሳሳ መሄድ ጀመረ። «ቅዳሴ ከሌለ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? እኔም እቤቴ እጸልያለሁ» ይላል አንዱ። ጸለየ? አልጸለየም! ተኛ። ሌላው ሰሊጡን ሊያርም ሄደ። ሌላው መተማ ገበያ ወረደ። በኋላ እኔም ራሴ ቀረሁ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች የሚያውቅ ጠፋ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ዲያቆን ፈንታ፣ ከሦስቱ የሚበልጠው፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ገባና «አባ፣ ቄስ ታከለን የወባ ንዳድ ጥሏቸዋል። ሰነበቱ አሉ፣ ማንም አላወቀም» አለ።

ባሌ ተመስገን አላሉም፣ ቄስ ናቸው፣ እንዴት ይላሉ? ፊታቸው ግን አለ። እኔ ነኝ የማውቀው ያን ፊት። «እግዜር ይማረው» አሉና ወዲያው «በይ እስቲ ነጠላዬን አጥቢልኝ። ነገ የቅዳሴ ልብሴን ለብሼ እቆማለሁ» አሉኝ።

በበነጋው ቀድመውኝ ወጡ። እኔም ተከተልሁ፣ ምን ልበላችሁ፣ ስደርስ ግቢው ውስጥ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ታናሽ ወንድሜ ደምሌ! ጫካ ከገባ ጀምሮ አላየሁትም ነበር። አቅፌ ሳልጠግበው «እህቴ፣ ልንቆርብ ነው የመጣን። ከዚህ ወዲያ የምንሄድበት አስቸጋሪ ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስንም» አለኝ። አጠገቡ ወርቁ የሚባል ልጅ እግር ነበረ፣ ደብዛዛ ጋቢ የለበሰ፣ አፉ ድርቅ ብሏል። «እኔስ ክርስትና ከተነሣሁ ወዲህ ገና ዛሬ መቁረቤ ነው እማማ» አለኝ። እኔን እማማ! ያን ጊዜ ገና ልጅ ነኝ።

ባሌ ሲያዩአቸው ደስታቸው! ደረታቸው ተነፋ። «ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ፣ ዛሬ እኔ እቀድስላችኋለሁ!» ብለው ሊገቡ ሲሉ ዲያቆን ፈንታ እጃቸውን ያዘ።

«አባ፣ አራት ነን።»

«ምን?»

«አራት ነን። አንድ ካህን ጎደለ።»

አይ፣ ያን ጊዜ ብታዩአቸው! ለካ ያ ሰው ይጥፋልኝ ሲሉ ስንት ጊዜ ያሰቡት፣ እሱ ከጠፋ እሳቸውም እንደማይቀድሱ አንድ ቀን ትዝ አላላቸውም! ቅናት እንዲህ ነው የሚያሳውር። ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ቄስ ታከለ ጎጆ ሮጡ፣ እኔም ከኋላ።

ቄስ ታከለ ጠፍር አልጋ ላይ ናቸው። ይንቀጠቀጣሉ፣ እንስራው ባዶ ነው፣ አጠገባቸው አንድ ሰው የለም። ባሌ በር ላይ እንደቆሙ «ይነሡ እንጂ! ሰው መጥቷል፣ ሊቆርብ የመጣ ሰው!» አሉ።

«መጡ ቄስ አየነው?» አሉ በዚያ በጎጃም አነጋገራቸው፣ ጥርሳቸው እየተፋጨ። «ስንት እሁድ ጠበቅሁዎት። ዛሬ እኔ ነኝ የቀረሁ።»

«ይደገፉኝ፣ እኔ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ደገፏቸው። አንድ እግር ተራመዱ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ፣ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ታዲያ ቄስ ታከለ መሬት ላይ እንዳሉ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በዚህች ጉሮሮ ነው የቀኑብኝ አሉ። ሰው ነገረኝ። ኧረ ይውሰዷት! እኔስ በደጃፍዎ ነው የምቀናው። አመሻሽ ላይ እርስዎ ቤት ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። እዚህ አገር ሰው እርስዎን በስምዎ ይጠራል፣ እኔን ጎጃሜው ይለኛል። ተኝቼ ስሰነብት እንኳ የጎደልሁበት ሰው የለም፣ እሁድ የለማ፣ ማን ያጣኛል?»

ባሌ ውሃ አምጪ አሉኝ፣ አመጣሁ፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው በእጃቸው አጠጧቸው።

ደምሌና ጓደኞቹ ግን መቆየት አይችሉም፣ ጣሊያን መምጣታቸውን ከሰማ መንደሩም ይቃጠላል። ባሌ ተመልሰው «ልጆቼ፣ አልሆነም» ሲሏቸው ማንም አልተቆጣ፣ ያ ነው የሚያሳዝነው። ወርቁ ያ ልጅ ብቻ «እንግዲያስ ጾሜን ልፍታ አባ?» አለ። ባሌ ባረኩት፣ እኔ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት፣ እየሄደ በላው።

ከዚያ ወዲያ ባሌ ሌላ ሰው ሆኑ። ቄስ ታከለን ከነአልጋቸው አሸክመው እኛ ቤት አመጧቸው። ራሳቸው መተማ ወርደው ከሼህ እድሪስ ሱቅ፣ ከሱዳን ዕቃ ከሚያመጡት ነጋዴ፣ ኪኒን ጠየቁ። ሼህ እድሪስም «ለማን ነው ቄስ?» ሲሏቸው «ለባልደረባዬ» አሉ፣ እስከዚያ ቀን ባልደረባዬ ብለው አያውቁም። ሼሁ ታዲያ ኪኒኑን እየሰፈሩ «እኔስ ሰዎቻችሁ እሁድ እሁድ ገበያ ሲያዘወትሩ ገርሞኝ ነበር። እኛ ጁምዓ አንድ ሰው ሲቀርብን ልጅ ልከን እናስጠይቃለን። ቤተ ክርስቲያናችሁን ጣሊያን ዘጋው እንዴ?» አሏቸው። ቤት ሲገቡ ይህን ነግረውኝ እኔ «ምን ብለው መለሱ?» ብላቸው «ምን እላለሁ? ጣሊያን አይደለም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት ልበል?» አሉና በእጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

አስታመሟቸው። ኪኒኑ ይመራል፣ ቄስ ታከለ እንደ ሕፃን ይተፉታል፣ ባሌ ይቆጣሉ፣ «ይዋጡ! ሰው እየጠበቀ ነው!» ይላሉ። አንድ ጧት ታዲያ እየተሻላቸው ሲሄድ ቄስ ታከለ አልጋቸው ላይ ሆነው ቀስ ብለው ማዜም ጀመሩ። እኔ ሥራዬን ትቼ ቆምሁ። ባሌ አዩኝ፣ አዩአቸው፣ ዓይናቸው ቀላ። ከዚያ «ይበቃዎታል፣ ይደክምዎታል» አሉ። ይደክምዎታል! ትሰማላችሁ?

በሽተኛው በእግራቸው ከቆሙ ወዲያ ሁለቱ ቄሶች ራሳቸው በየቤቱ ዞሩ፣ እየጠሩ። «እሁድ ቅዳሴ አለ፣ ኑ።» «እኔ እቤቴ እጸልያለሁ አባ» ያለውን ባሌ «እኔም እንዳንተ ስል ነበር፣ ተነሥ!» ይሉታል። ሰዉ መጣ፣ እንደ ድሮው ሞላ፣ እና ሚካኤል ሲነግሥ እነ ደምሌም ከጫካ ወጡ። አንድ በአንድ ሲገቡ አየሁ። ወርቁ የለም።

ባሌ «ያ ልጅስ?» አሉት ወንድሜን።

ደምሌ መሬት መሬት አየ። «ቀረ አባ። አብርሃ ጅራ መንገድ ላይ።»

ያን ቀን ለመምራት የባሌ ተራ ነበር፣ ሚካኤል ደግሞ ትልቁ በዓላቸው፣ ዓመት ሙሉ የሚጠብቁት። ቄስ ታከለ ልብሱን ሊያለብሷቸው ሲነሡ ባሌ እጃቸውን ያዙና «አንቱ ይምሩ» አሏቸው።

«ተራው የእርስዎ ነው እኮ።»

«ነው። ያ ልጅ ግን ዛሬ ሲታሰብ በጥሩ ድምፅ ይታሰብ» አሉ።

ቄስ ታከለ መሩ፣ ባሌ ከጎናቸው ቆሙ፣ አምስቱ ሞሉ፣ እኛም ሁላችን ቆመን ነበር። ወንድሜ ቆረበ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ ባሌን አይ ነበር፣ እያለቀሱ ነው የቀደሱት።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ያ ሰው ከዚያ ቤተ ክርስቲያን አለና አልሄድም፣ የሱን ፊት ከማይ እቤቴ እጸልያለሁ ስትሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እቤታችሁ ጸልዩ፣ ማን ከለከለ! ግን እናንተ ስትቀሩ የሚጎድለው የጠላችሁት ሰው አይደለም። ዳቦውን እየበላ የሚሄድ ሌላ ሰው ነው፣ ከቶ የማታውቁት።

— እማማ፣ ታዲያ የቄስ አየነው ቅናት በዚያው ተዋቸው?

የት ይተዋቸዋል! ኧረ አንቺ ልጅ! ጣሊያን ወጥቶ፣ አገር ሰላም ሆኖ፣ ካህናት ከደጋ መጥተው፣ እነሱ ግን አብረው ሲቀድሱ አብረው ሲናቆሩ አረጁ። ቀድመው የሞቱት ቄስ ታከለ ናቸው። ከሳንጃ ሳይቀር ሰው መጣ፣ ካህኑ፣ ሕዝቡ፣ ግቢው አልበቃ አለ። ባሌ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው እንደ ሴት ያለቅሳሉ፣ እኔ እደግፋቸዋለሁ። ታዲያ በዚያ ልቅሶ መካከል ዞር ብለው ሰዉን አዩት፣ ወደ ጆሮዬም ጠጋ አሉና «አንቺ፣ እኔ የሞትሁ ዕለት ይህን ያህል ሰው የሚመጣ ይመስልሻል?» አሉኝ። እያለቀሱ እኮ ነው! እምዬን፣ እያለቀሱ!