የማርያም ለት የታጨደው ሩዝ

ከወረታ ወደ ይፋግ በምንሄድበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ገበሬ ጆንያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዩኒፎርም የለበሰች ልጃቸውን ያወሯታል።

«ዛሬስ ምን ተማራችሁ?»

«እንግሊዝኛ። ‹ሄልፕ› ማለት መርዳት ነው፤ ግን ሌሎች የሚቀራረቡ ቃላት አሉት። አንዱ ሥራ ለማገዝ ነው። አንዱ ለተቸገረ መድረስ ነው። ‹ቻሪቲ› የሚሉት ደግሞ ለምስኪን የሚሰጥ ነው።»

«አንቺስ መለስሽ?»

«ምሳሌ ስጡ ሲሉን እጄን አወጣሁ። እርስዎ ታመው የተኙ ጊዜ ጎረቤቶቻችን የማርያም ለት ሩዛችንን እንዳጨዱልን ተናገርሁ።»

«በየትኛው ቃል?»

ልጅቱ የደብተሯን ጠርዝ ማጠፍ ጀመረች።

«በየትኛው ነው የምልሽ?»

«በመጨረሻው።»

«በምስኪኑ።»

«መምህሩ ጎበዝ አሉኝ፣ አባዬ። ክፍሉም አጨበጨበልኝ።»

«ጎረቤታችን አያ ሞላ የታመመ ጊዜ እኔም የሚካኤል ለት ወጥቼ አጭጄለታለሁ። በዓል ነው ብሎ የራሱን እርሻ የማይነካ ሰው፣ ለታመመ ጎረቤት ሲሆን ማጭድ ያነሳል። ያን ጊዜ አያ ሞላን ምስኪን ያለው የለም።»

«ለእንዲህ ያለው እርዳታ የሚሆን ቃል አጣሁ።»

«አጣሁ ብለሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?»

ልጅቱ በመስኮት ወደ ሩዙ ማሳ ዞረች።

«የአያ ሞላ ልጅ እዚያው ክፍል አይደል?»

«ነው።»

«ሰማ?»

«ሰምቷል። እሱ ብቻ አላጨበጨበም።»

ይፋግ ስንደርስ፣ ጆንያቸውን ላሸክማቸው የዘረጋሁትን እጄን፣ በየትኛው ቃል እንደሚቆጥሩብኝ ስላላወቅሁ፣ መልሼ ኪሴ ከተትሁ።